ሁሉም ይመለሳል

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ተኳሹ» ይለው ነበር። ጠመንጃ ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። እሱ የሚተኩሰው ሸሚዝና ሱሪ፣ የሆቴል አንሶላና የአስተናጋጅ ሽርጥ ነው። ስሙን ያወጣለት የገዛ ልጁ ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት በገባ ሰሞን አስተማሪዋ «አባትህ ምን ይሠራል?» ብትለው «ተኳሽ ነው» አላት። ደንግጣ «ታዲያ አሁን የት ነው ያለው?» ስትለው፣ «ከዳቦ ቤቱ አጠገብ» አላት። ወሬው ከአስተማሪዎች ወደ ወላጆች፣ ከወላጆች ወደ ገበያ ዞሮ ዞሮ ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ስም ሆኖ ደረሰ። እሱም ስቆ ተቀበለው። ልጅ ያወጣለትን ስም የሚጠላ አባት የለም።

ሱቁ ጠባብ ነው። ፊት ለፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ጀርባ በብርድ ልብስና በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከጣሪያው ሥር ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ሽቦ። በሽቦው ላይ የሰፈሩ ሰው ሸሚዞች ጎን ለጎን ተሰቅለው ይውላሉ። በሕይወት የማይነጋገሩ ጎረቤታሞች እንኳ እዚያ ትከሻ ለትከሻ ይደጋገፋሉ። ከጓሮ የማጠቢያ ገንዳው አለ። በጋም ክረምትም ቤቱ እንፋሎትና ሳሙና ይሸታል።

አንድ ልማድ ነበረው። ሰው ጥቅልሉን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጎ ሊሄድ ሲል «ቆይ፣ ፊት ለፊት እንየው» ይለዋል። ልብሱን ዘርግቶ፣ ኮሌታውን ገልብጦ፣ ኪሱን አውጥቶ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካካ ከባለቤቱ ጋር ያየዋል። «ይህቺ እድፍ የዘይት ናት የቀለም? ይህ ቁልፍ ከቤት ነው ላልቶ የመጣው። ብብቱ ሥር ተተርትሯል፣ አይተኸዋል?» የቸኮለ ደንበኛ ይበሳጫል። «ሰውዬ፣ ልብስ ላሳጥብ እንጂ ልጅህን ልጠይቅ መጣሁ እንዴ!» ያለውም ነበር። እሱ ግን ንቅንቅ አይልም።

«ስትሰጠኝ ካልተያየን፣ ስሰጥህ እንጣላለን» ይል ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት በልብስ ምክንያት ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው መራመድ ሳይጀምር ነው። የሚያሳድግለት ዘመድ ስላልነበረ ሱቅ ይዞት ይውል ጀመር። ከጠረጴዛው ሥር ሰፊ ቅርጫት አስቀምጦ፣ ገና የተተኮሰ የሆቴል አንሶላ እያጠፈ ያነጥፍለታል። ሕፃኑም በዚያ ሙቀት ውስጥ ድብን ብሎ ይተኛል። አንሶላው ሲቀዘቅዝ ያለቅሳል፤ አባት ሌላ ይተኩስለታል። ሆቴሉ አላወቀም እንጂ እንግዶቹ ለስንት ዘመን የተኙት ሕፃን በተኛበት አንሶላ ላይ ነው።

ልጁ አድጎ፣ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ፈልጎ ሲያጣ ከአባቱ ጎን ቆሞ መተኮስ ያዘ። እጁ ጥሩ ነበር። ልቡ ግን ሁልጊዜ መንገዱ ላይ ነው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ካውያውን አንስቶ ቆሞ በድምፁ ብቻ የሞተሩን ዓይነት ይናገራል። አባት «ሸሚዙን እየው፣ ሸሚዙን!» ይለዋል።

ከዚያ በመንገዱ ማዶ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረው አዳራሽ፣ ለውትድርና ወጣት የሚመዘገብበት ጣቢያ ተከፈተ። የጣቢያው ኃላፊ አንድ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ጎልማሳ፣ ሲራመድ በቀኝ እግሩ ትንሽ የሚያነክስ። በሁለተኛው ሳምንት የደንብ ልብሱን ጠቅልሎ መጣ።

«ተኳሹ እርስዎ ነዎት?» አለ እየሳቀ። «እንግዲህ እርስዎም ተኳሽ፣ እኛም ተኳሽ። ልዩነታችን ምንድን ነው?»

«እኔ የተኮስኩትን ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል» አለው።

ሃምሳ አለቃው ከልቡ ሳቀ። ልብሱንም ፊት ለፊት አዩት። ኪሱ ውስጥ የጉሮሮ ከረሜላ ነበረበት፤ ቀኑን ሙሉ ስለሚናገር። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመጣል፣ በየሳምንቱ ከረሜላ ይረሳል። ተጫዋች ነው። አይዋሽም፤ ግን ሁሉንም አይናገርም። ልጁን ተመዝገብ ብሎት አያውቅም። ልጁ ነበር የሚጠይቀው፤ ስለ መኪና።

አንድ ቀን አባት ከገንዳው እጁን እያደረቀ ሲገባ፣ ልጁ የሃምሳ አለቃውን ኮት ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆሟል። ትከሻው ልክ ሆኖለታል። እጅጌው ከእጁ አንጓ ላይ ልክ መጥቶ አርፏል። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ በሰው ላይ ልክ ሲሆን ደስ የሚለው ሰው፣ ያን ቀን ምነው በሰፋው ብሎ ተመኘ።

«አውልቅ።»

«አባዬ፣ እንዲያው እያየሁት ነው።»

«የሰው ልብስ ነው። ይጨማደዳል፤ አውልቅ።»

«መልሼ እተኩሰዋለሁ።» ግን አላወለቀም። በመስታወቱ ውስጥ አባቱን እያየ «ልመዘገብ ነው» አለ።

አባት ፎጣውን አጠፈ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠፈ። «ምን ብለውህ ነው?»

«ከባድ መኪና ያስተምራሉ። መንዳት ብቻ አይደለም፤ ሞተር ፈትቶ መግጠም ጭምር።»

«ምን እንዳሉህ ቃሉን ንገረኝ።»

«ሙያ አለ አለኝ።»

«ሙያ አለ ማለትና ሙያ እንሰጥሃለን ማለት አንድ ነው?»

«አባዬ ደግሞ! ሰውየው እኮ ሸሚዝ አይደለም፣ ኪሱን ገልብጠህ አታየውም።»

«ኪሱንማ በየሳምንቱ እገለብጠዋለሁ። ከረሜላ ብቻ ነው ያለው።»

ልጁ ሳይፈልግ ሳቀ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ሰቀለና እጆቹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋቸው። ቆዳቸው በእንፋሎት ተሸብሽቧል። «እያቸው። በዚህ ዕድሜዬ የሽማግሌ እጅ። አንተ ይህን ሱቅ ትወደዋለህ። እኔም ልወደው ሞክሬያለሁ። እሞትልሃለሁ አባዬ፣ አልሆነልኝም።»

አባት ይህን አያውቅም ነበር። ልጁ የሚያፏጨው ሥራው ደስ ብሎት ይመስለው ነበር። «ዕድሜህ ደርሷል» አለ በመጨረሻ። «የእኔ ፈቃድ አያስፈልግህም።»

«ሳትመርቀኝ አልሄድም።»

«እንግዲያው ለወላጆች ስብሰባ ጠርተዋል። እሄዳለሁ። የምጠይቀው አለኝ። ጥያቄዬ ከተመለሰልኝ እመርቅሃለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

እስከ ስብሰባው ቀን ድረስ ጥያቄዎቹን ከልብሱ ጋር ሲያገላብጥ ሰነበተ። ለስንት ዘመን ነው የሚፈርመው? ቢከብደው መውጣት ይችላል? መኪናው በወረቀት ይጻፍለታል ወይስ በአፍ ብቻ ነው? የት እንደሚሄድ ማን ይወስናል? ቢቆስል እስከ መቼ ያሳክሙታል? ቤቱንስ መቼ መቼ ያያል? ኮሌታ ላይ ሲሆን አንዱ ይመጣለታል፣ እጅጌ ላይ ሲሆን ሌላው። አንዲት ጥያቄ ግን ነበረች፤ እሷ ስትመጣ ካውያውን አንስቶ ያቆማታል። በሐሳቡም ቢሆን ጨርሷት አያውቅም።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበር ሞልቶ ነበር። እሱ ቀደም ብሎ ሄዶ ከፊት ተቀመጠ። ልጁ ከአጠገቡ። መንገዱ ማዕዘን ላይ እንቁላል የምትሸጠው ጎረቤታቸው ዘግይታ መጥታ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መካከል ገባች። እሷም አንድ ልጇን ይዛለች፤ የተኳሹ ልጅ አብሮ አደግ። ለዚያ ሰፊ አዳራሽ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው ያመጡት፤ ያውም የሚቆራረጥ። ሲፈልግ ያንሾካሹካል፣ ሲፈልግ ይጮኻል።

ሃምሳ አለቃው ተነሣ። ተኳሹ መጀመሪያ ያየው እጅጌው ላይ ያለችውን መስመር ነው፤ ትናንት እሱ ራሱ ያወጣት፣ ቀጥ ያለች። ሃምሳ አለቃው ስለ አገልግሎት፣ ስለ ክብር፣ ስለ ሥልጠና ተናገረ። በመጨረሻም እንዲህ አለ፦ «ወላጆች፣ ጥያቄ ያለው ሰው ሳይፈራ ይጠይቅ። የቀረበው ጥያቄ ሁሉም ይመለሳል።»

ማጉያው ግን የፊቱን ዋጠና የኋላውን ብቻ አውጥቶ ጮኸ፦ «... ሁሉም ይመለሳል!»

ከፊት የተቀመጡት ስለ ጥያቄ ሰሙ። ከኋላ የተቀመጡት ስለ ልጅ ሰሙ።

ከኋላ በኩል መጀመሪያ አንዲት ሴት አጨበጨበች፣ ከዚያ ሁሉም። ወንበር እየገፉ ተነሡ። «ሁሉም ይመለሳል አለ! ሰማችሁ? ሁሉም!» እናቶች የጎረምሳ ልጆቻቸውን አንገት ይዘው አለቀሱ፤ ልጆቹ እያፈሩ ሳቁ። እንቁላል ሻጯ ልጇን በሁለት እጇ ጉንጩን ይዛ ትስመዋለች።

ተኳሹ ዞር ብሎ አያቸው። መልሶ ሃምሳ አለቃውን አየው። ሰውየው ገብቶታል። አፉን ከፈተ፤ ከዚያ መልሶ ገጠመው፤ ከፊቱ ያለውን የውኃ ብርጭቆ ከቀኝ ወደ ግራ አስቀመጠ። የሚያጨበጭብ እናት ፊት ቆሞ «አይደለም» ማለት ቀላል አይደለም። ተኳሹም ያውቀዋል። እሱም ራሱ አብሮ ቢያጨበጭብ ወዶ ነበር። ቃል ግን ገብቷል፤ ለጥያቄ ነው የመጣው። እጁን አወጣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይመለሳል ያሉት ጥያቄውን ነው ልጆቹን?»

ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ።

«ጥያቄውን ነው አባባ» አለ ሃምሳ አለቃው ቀስ ብሎ።

«ለኋላዎቹም ይንገሩልን። ማጉያው አላደረሰላቸውም።»

ሃምሳ አለቃው ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በገዛ ድምፁ፣ ለሁሉም በሚሰማ፣ «ይመለሳል ያልኩት ጥያቄውን ነው። ስለ ልጆቹ እንዲህ ብዬ ቃል ልገባ አልችልም» አለ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ያን ጊዜ እንቁላል ሻጯ ከኋላ ሆና «ምነው ጋሼ!» አለች። «ምን ነበረበት ዝም ብትል? አንድ ጊዜ እኮ ደስ ብሎን ነበር!»

እውነቷን ነው። ልጁ ከአጠገቡ ሆኖ መሬት መሬት ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል። ተኳሹ ግን አንዴ ቆሟልና አልተቀመጠም። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው።

«ለስንት ዘመን ነው?»

«የውሉ ዘመን ወረቀቱ ላይ አለ። ሊራዘምም ይችላል።»

«በማን ፈቃድ?»

«በሁኔታው።»

«ሁኔታው ማነው?»

አንዳንዱ ሳቀ። ሃምሳ አለቃው አልሳቀም። «እሱን እኔም አይቼው አላውቅም አባባ» አለ።

«መኪና እናሠለጥነዋለን ብለው በወረቀት ይጽፉለታል?»

«ይታያል።»

«የት እንደሚመደብስ?»

«እሱም ይታያል።»

«ከፈረመ በኋላ ቢጸጽተውስ?»

ሃምሳ አለቃው «መጸጸት ይችላል» አለ።

ይህን ሲል ማንም አልሳቀም። ተኳሹ ስለ መታከሙ ጠየቀ፣ ስለ እረፍት ጠየቀ። አንዳንዱ ተመለሰ፣ አንዳንዱ «ይታያል» ሆነ። አሁን የቀረችው ያቺ አንዲቷ ናት።

«እንግዲህ... አንድ ነገር ቢሆን፣ ማነው የሚነግረኝ?»

ሃምሳ አለቃው መለዮውን አወለቀ። ራሱ ላይ ከነበረበት ቦታ ቀይ መስመር ቀርቷል። «እኔ» አለ። «በስልክ አይሆንም። ሰውም አልክም። እኔ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

ከመልሶቹ ሁሉ «ይታያል» ያልገባባት ይህቺ ብቻ ነበረች።

ሲወጡ ልጁ ፈጠን ፈጠን እያለ ከፊት ሄደ። መንገዱን ተሻግረው ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ዞረ። «ሰው ፊት ጉድ አደረግኸኝ። እናቶቹን ሁሉ አስለቀስካቸው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ጥያቄህ ተመለሰልህ?»

አባት ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ ቆየ። አልተመለሰም ቢል ልጁ እንደሚቀር ያውቃል። ቃል ቃል ነው፤ ይቀራል። ቀርቶም በዚያ እንፋሎት ውስጥ ሲያረጅ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ካውያ አንስቶ ሲቆም ታየው። ግማሹ መልስ «ይታያል» መሆኑም እውነት ነው፤ እንደ ፈለገ ሊተረጉመው ይችል ነበር። ግን ሰውየው አልዋሸውም። የማያውቀውን አላውቅም ብሎታል።

«ተመለሰልኝ» አለ። «እኔ እንደምፈልገው አይደለም። ግን ተመልሷል።»

በሩን ከፍቶ ገባ። ልጁም ተከትሎት ገብቶ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ድሮ ቅርጫቱ ከነበረበት ቦታ ላይ ተንበረከከ። አባት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «መንገድህ ይቅና። ክፉ አይንካህ። ደግ ሰው ይግጠምህ። የምትይዘው ሁሉ ይባረክልህ።» ከዚያ እጁን አነሣ።

ልጁ ቀና ሳይል ጠበቀ። «አላልከኝም እኮ።»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ አባዬ።»

ያቺ ቃል ከአዳራሹ ጀምሮ አፉ ውስጥ ተበላሽታበታለች። ቢሆንም አወጣት። «በሰላም ተመለስ ልጄ።» ለራሱ ጆሮ እንኳ ምርቃት ሳይሆን ጥያቄ መሰለችው።

ልጁ ሄደ። የእንቁላል ሻጯም ልጅ አብሮት ሄደ። እሷ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለተኳሹ ሰላምታ ነፈገችው። እንቁላል ሲገዛ ዓይኑን ሳታይ ትሰጠዋለች፤ ግን የተሰነጠቀ ሰጥታው አታውቅም።

ልጁ አልፎ አልፎ ይደውላል። መስመሩ መጥፎ ነው፤ እሱም ችኩል ነው። «መኪናውስ?» ይለዋል አባት። «ገና ነው አባዬ። ለጊዜው ጭነት ላይ ነኝ። ይታያል ብለውኛል።» ይህቺን «ይታያል» ከልጁ አፍ በሰማት ጊዜ ተኳሹ ሳቀ። ልጁም በዚያኛው ጫፍ ሳቀ። ለምን እንደሚሳሳቁ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሃምሳ አለቃው እንደ ልማዱ በየሳምንቱ ይመጣል። ነገር ግን አመጣጡ ተለወጠ፤ ወይም ተኳሹ የሚያይበት ዓይን ተለወጠ። ሰውየው እያነከሰ መንገዱን ሲሻገር ተኳሹ ፊቱን አያይም፤ እጁን ነው የሚያየው። ጥቅልል ልብስ ከያዘ ደንበኛ ነው። ጥቅልሉን እስኪያይ ድረስ ካውያውን አንስቶ ይጠብቃል፤ ካየው በኋላ «ደህና አደሩ!» ይላል፣ ከልኩ በላይ ጮክ ብሎ።

ሃምሳ አለቃው ነገሩን ቶሎ አልተረዳም። አንድ ቀን ግን ጥቅልሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ። ባንኮኒው ጋ ሲደርስ የተኳሹን ፊት አየ። ወዲያው ጥቅልሉን አውጥቶ አስቀመጠውና «ይቅርታ አባባ» አለ። ከዚያ ወዲህ ገና ከአዳራሹ በር ሲወጣ ልብሱን ከጭንቅላቱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ይሻገራል። አላፊ አግዳሚው «ሃምሳ አለቃው እጅ ሰጠ እንዴ!» እያለ ይስቅበታል። እሱ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ዝቅ አድርጎ አልያዘውም።

ከዕለታት በአንዱ ረፋድ ላይ ተኳሹ የአንድ አስተናጋጅ ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። ፀሐይ ባንኮኒው ላይ ወጥታለች። ቀና ሲል ሃምሳ አለቃው መንገዱ መሐል ደርሷል።

ባዶ እጁን ነው።

ሁለቱ እጆቹ በጎንና በጎኑ ተንጠልጥለዋል፤ ምን እንደሚያደርጋቸው የጨነቀው ሰው እጆች።

ባንኮኒው ጋ ደርሶ «አባባ» አለ።

«ይቆዩ» አለው ተኳሹ። «ካውያው ግሏል። ይህቺን እጅጌ ልጨርስ።»

እጅጌዋን ጨረሰ። ሌላኛዋንም ተኮሰ። ኮሌታውን በጀርባው፣ ቀጥሎ በፊቱ ተኮሰ። ቁልፎቹን ቆለፈ። መስቀያ ላይ አድርጎ ሽቦው ላይ ሰቀለው፣ ትከሻውን አቃና። ሃምሳ አለቃው ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ አልተቀመጠም፣ ላቡንም አልጠረገም። ተኳሹ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለ። ከባንኮኒው ወዲያና ወዲህ ፊት ለፊት ተያዩ።

«እንግዲህ ይንገሩኝ።»

ነገረው። ከባድ መኪና ላይ ነበር አለው።

«እየነዳ?»

«አይ። ተጭኖ።»

ተኳሹ ራሱን ነቀነቀ። ነጩን ጨርቅ በመዳፉ ዳበሰ፤ ገና ሙቀት ነበረው። ከዚያ ከአፉ የወጣችው ያቺው ቃል ናት፤ ሌላ ቃል የለችማ። «ይመለሳል?» አለ። ሬሳውን ማለቱ ነው።

«አይመለስም አባባ። እዚያው ነው ያረፈው።»

«እሺ» አለ። ይህን ሁሉ ዘመን እርስዎ ሲለው የኖረውን ደንበኛ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብሎ፣ እንደ ልጅ፣ «እሺ። መለስክልኝ» አለው።

ሰው ቤቱን ሞላው። የሚያላቅስ የለም፤ ይቀመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። እንቁላል ሻጯ በሦስተኛው ቀን መጣች። ወንበር ሲሰጧት አልተቀመጠችም፤ በሩን ተደግፋ ቆመች። ከልጇ አንድም ቀን ስልክ ተደውሎላት አያውቅም። ይኑር አይኑር የነገራት የለም። ማን እንደሚነግራትም አልጠየቀችም ነበር፤ ያን ቀን ከኋላ ተቀምጣ ስታጨበጭብ፣ ቀጥሎም ስታለቅስ ነበር።

ለረጅም ጊዜ አየችውና «ያንተስ ተመለሰልህ ጋሼ» አለች።

ቤቱ ተንጫጫ። «ኧረ በስመ አብ! ልጁ ሞቶበት ተመለሰልህ ትለዋለች?» «ልቧ ጠፍቶ ነው፣ ተዋት።» አንዲት አሮጊት ክንዷን ይዛ ልታስወጣት ተነሣች። ሴትየዋ አፍዋን በነጠላዋ ጫፍ ከድና ቆመች፤ ያለችውን አሁን ገና የሰማችው ይመስል።

ተኳሹ ግን ገብቶታል። «ተዉአት» አለ። «እውነቷን ነው። ተመልሶልኛል።» ተነሥቶም የገዛ ወንበሩን ሰጣት።

ተኳሹ ከሐዘን ተነሥቶ ሱቁን መልሶ ከከፈተ በኋላ ሃምሳ አለቃው አልመጣም። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ። በመንገዱ ማዶ ሲገባና ሲወጣ ይታያል፤ ልብሱ ተጨማድዷል፣ የእጅጌው መስመር ጠፍቷል። ሌላ ቦታ የሚያሳጥብ ከሆነም የሚሠራለት ሰው ሥራ አይችልም። ተኳሹ አንድ ቀን ሽርጡን ፈትቶ እንቁላል ሻጯ ጋ ሄደ። «ተነሺ እህቴ» አላት። ወዴት ብላ አልጠየቀችውም። እንቁላሏን ለጎረቤት አደራ ብላ ተከተለችው።

አዳራሹ ባዶ ነበር። ወንበሮቹ ተደራርበው ግድግዳ ተደግፈዋል። ሃምሳ አለቃው ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ።

«ጠይቂው» አላት ተኳሹ።

«በእኔ ልጅ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ማነው የሚነግረኝ?» አለች።

«እኔ» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ራስህ?»

«ራሴ። እስከ ዛሬ የሰማሁት የለም። የሰማሁ ቀን እመጣለሁ።»

ሴትየዋ ይህን ይዛ ልትወጣ ስትል ተኳሹ ቆመ። «ልብስህን ለምን አታመጣም?»

ሃምሳ አለቃው አንገቱን ደፋ። «አፍሬ ነው አባባ። እርስዎ ዘንድ ባዶ እጄን ከገባሁ በኋላ እንዴት ብዬ...»

«አምጣ። በእሷ በኩል እለፍና አምጣ። ከፍ አድርገህ ያዘው፣ እንደ ድሮው፤ እሷም ትየው።»

ሃምሳ አለቃው አየው፤ ሴትየዋንም አያት። «እሺ» አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተኳሹ አንሶላ ላይ ውኃ እየረጨ ነበር። ሰውየውን ከማየቱ በፊት ከማዕዘኑ ጩኸት ሰማ።

«ይዟል! ጋሼ፣ ይዟል!»

እንቁላል ሻጯ ናት። ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እየሳቀች ነው ወይም እያለቀሰች ነው፤ ከሩቅ አይለይም። ሃምሳ አለቃው ጥቅልሉን ከጭንቅላቱ በላይ አንሥቶ በፊቷ ያልፋል። ሰው ቆሞ ያየዋል፤ የሳቀበት ግን አልነበረም።

ተኳሹ ባንኮኒውን በክንዱ ጠረገ። ኮቱን ተቀብሎ ዘረጋው። ያው ኮት ነው። ትከሻው ላይ እጁን አሳርፎ ትንሽ ቆየ።

«ፊት ለፊት እንየው» አለ።

ኮሌታውን ገለበጡ። ቁልፎቹን አዩ። ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ነበር፤ አውጥቶ ሰጠውና ካውያውን ሰካ።